ሸምበቆ ተክዬበታለሁ

«ሁሉም ሣር ነው» የሚለኝን ሰው አልወድም። ከሚዛን ወደ አማን ሲወረድ በወንዙ ዳር የቆመውን ረጅም አረንጓዴ ሁሉ በደፈናው «ሸምበቆ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ከተቀመጠ እስክንደርስ ድረስ አፌን ይበላኛል። ዝም እላለሁ እንጂ አልናገርም። በዚህ ዕድሜዬ ስለ ሣር ስከራከር ብታይ «ጡረታ ወጥታ ሥራ ያጣች መምህርት» ነው የምባለው።

ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ ይህን አልክድም። ሸምበቆውም፣ መቃውም፣ የዝሆን ሣሩም ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። ሁሉም አንጓ አላቸው፤ ሁሉም እርጥበት ይወዳሉ፤ የሚዛን ዝናብ ደግሞ ለማንም አያዳላም። መለየት የፈለገ ሰው ግንዱን ቆርጦ መሰንጠቅ አለበት። የዝሆን ሣር ውስጡ በነጭና ለስላሳ ነገር የተጠቀጠቀ ነው። ሸምበቆ ውስጡ ባዶ ነው፣ ዙሪያው ግን እንጨት ስለሆነ ቢላ ይመልሳል። መቃም ባዶ ነው፣ ግን ቀጭን ስለሆነ በሁለት ጣት ተጭነው ይሰብሩታል። ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳይንስ ሳስተምርበት በኖርኩት መጽሐፍ ውስጥ አንዳቸውም የሉም። ያወቅኩት ልጄን ስፈልግ ነው።

ልጄ ሴት ነበረች። የተወለደችው መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ላይ ተደፍቶ በሚውልበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያዬ ነበረች። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ፣ ትኩሳት ያዛትና በማግስቱ አረፈች። ሰው ከዚህ በላይ እንድነግረው ይፈልጋል፤ ከዚህ በላይ የለኝም። ጠዋት ጡት አልያዝ አለች፤ ማታ አልነበረችም።

ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም፤ እኛ ሰፈር የሚታወቀው ሥርዓት ይህ ነው። ድንኳን አይጣልም፣ ጡሩምባ አይነፋም። ከሸዋ ቤንች እኔን አራሷን ልትንከባከብ የመጣችው የባሌ ታላቅ እህት ልጄን ከእጄ ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። አጥባ የገነዘቻት እሷ ነች። ከዚያ ለወንድሟ ሰጠችው፤ እሱም አካፋውን ይዞ ብቻውን ከቤቱ በታች ወዳለው ቁልቁለት ወረደ። ግቢያችን ከላይ ሰፊ ነው፤ ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ ጅረቱ ላይ ያልቃል። ከቤቱ ሥር ቡና አለ፣ ከቡናው ሥር ሙዝና ጎደሬ፣ ከዚያ በታች ማንም የማይገባበት ረግረግ። አራስ ከቤት አትወጣም፤ እናት ደግሞ ወደዚያ ቦታ ጨርሶ አትሄድም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር የአካፋውን ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።

ሲመለስ እጁን ታጠበ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ሸምበቆ ተክዬበታለሁ» አለኝ።

ለምን ሸምበቆ እንደሆነ ገብቶኛል። ድንጋይ ቢያስቀምጥ ሰው ለጉልቻ ያነሳዋል። እንጨት ቢያቆም ምስጥ ይጨርሰዋል። መስቀል ደግሞ ክርስትና ላልተነሳች አይሆንም። የሸምበቆ ሥር የያዘውን መሬት ግን ጃርትም ከርከሮም አይቆፍረውም። በአባቱ አገር፣ በሰሜን፣ የእርሻ ወሰን በሸምበቆ ይለይ እንደነበር አንድ ጊዜ አጫውቶኝ ነበር። እኔ «እሺ» አልኩት። የት ጋ፣ ከምን አጠገብ፣ ብዬ አልጠየቅኩም። እሱም ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ሌላ ሰው «ደነገጥኩ» ሲል እሰማለሁ። እኔ አልደነገጥኩም፤ ደነዘዝኩ። ጥርስ ሊነቀል መርፌ ሲወጋ ከንፈር እንደሚሆነው ነው፤ አለ፣ ይነካል፣ ግን የራስ አይደለም። ጡቴ ሲሞላ በነጠላ ጥፍር አድርጌ አሰርኩትና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ሰዎች እየመጡ «እግዜር ይተካልሽ» አሉኝ። አንዲቱ ጎረቤት «እንኳን ሳትለምጃት» አለችኝ፤ እሷን እስከዛሬ አልወዳትም። ለአራስ ተብሎ የተሠራው ገንፎ ተርፎ ነበርና ለቅሶ የመጡት በሉት። ይህን ሁሉ አየሁ እንጂ አልተሰማኝም። ከአጥሩ ማዶ ያለችው የቤንች ሴትዮ አማርኛዋ እምብዛም ነበር፤ ገብታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ አንድም ቃል ሳትናገር ቆየች፣ የሙዝ ዘለላ ከደጃፉ አስቀምጣ ሄደች። ከመጡት ሁሉ ያላስቀየመችኝ እሷ ብቻ ነች።

ብዙ ተኛሁ። ባሌ ይገባል፣ ይወጣል። እህቱ አጥሚት አፍልታ ታመጣለች፣ አጥሚቱ ይቀዘቅዛል፣ መልሳ ትወስደዋለች። እንባ አልመጣም። እህቱ አንድ ጊዜ ትከሻዬን ይዛ «አልቅሺ እንጂ፣ አንቺ ልጅ» አለችኝ፤ በምን እንደሚለቀስ ጠፍቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ራሴን አመመኝና በሻርፕ ላስረው ፈለግኩ። ሻርፑ ባሌ ለሠርጋችን ከጅማ ያመጣልኝ ነው፤ ቢጫ ናይለን፣ ቀይ ቀይ አበባ ያለበት። ከሱ የሚሻል ልብስ አልነበረኝም። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ የለም። ሳጥኑን ገለበጥኩት፣ ፍራሹን አነሳሁ፣ ጓዳውን በረበርኩ፣ የለም። ቤቱ ውስጥ ከባሌና ከእኔ ሌላ የነበረችው አንዲት ሰው ናት። እሷ ደጅ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች። ወጥቼ ጮኽኩባት። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩ። «ልጄን እግዜር ወሰዳት፣ ሻርፔን ደግሞ አንቺ!» አልኳት። ሌባ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልማለችም፣ አልተቆጣችም፣ «አልወሰድኩም» እንኳ አላለችም። ጎመኑን ወደ ሰፌዱ ሰበሰበች፣ ኮቷን ደረበች፣ ወደ ሸዋ ቤንች በሚሄድ የቡና መኪና ተሳፍራ ሄደች። ዝም ማለቷን እንደ ማመን ቆጠርኩት፤ ማንም ይቆጥረዋል።

ከዚያ በፊት «እትዬ» ነበር የምላት። ከዚያ በኋላ ብያት አላውቅም። ለቅሶና ሠርግ ላይ ስንገናኝ «እንደምን ዋልሽ» እላታለሁ፣ «እግዜር ይመስገን» ትለኛለች፣ በቃ። ባሌ ሊያስታርቀን አልሞከረም። ይህም ያበግነኝ ነበር፤ ለእህቱ ያደላ መሰለኝ።

ያን ቀን ንዴቱ አላስተኛኝ ብሎ ፊቴን ታጠብኩ፣ ምሳ ሠራሁ፣ ትንሽ ቆይቼም ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ሌላ ልጅ ወለድኩ፤ ወንድ ነው፣ አድጎ ቴፒ ሥራ ይዟል። ባሌም ልጁ ትምህርቱን ሳይጨርስ በጉበት ታሞ አረፈ። ወደ ታች ወርደን አናውቅም። ቡና ለቀማ ሲደርስ እንኳ የመጨረሻውን ረድፍ ሠራተኛ ነው የሚለቅመው። እኔ በሐሳቤ ልጄ እዚያ ጥልቁ ውስጥ፣ ውኃው ዳር፣ ብርድ ውስጥ ነበረች። እንደዚያ ሳስባት ደግሞ ምንም አይሰማኝም ነበር፤ ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ፣ ባጃጅ በየመንደሩ ገብቶ፣ ከተማው ወደኛ ሰፈር መውረድ ሲጀምር የመንገድ ቀያሽ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ግን «ማዘር» ይለኛል። ጫፋቸው ቀይ ቀለም የተቀባ ካስማዎች ከግቢዬ ታችኛው በኩል ተከለ።

«ማዘር፣ ከካስማው በታች ያለው በሙሉ ለመንገዱና ለቦዩ ይሄዳል። ከጥምቀት በኋላ ማሽን ይገባል» አለኝ።

«ይሂድ፣ ረግረግ ነው» አልኩት። ሻይ አፍልቼለት ጠጥቶ ሄደ።

የጠጣበትን ብርጭቆ ሳጥብ እጄ ቆመ። ማሽኑ የሚገባው ልጄ ላይ ነው። ይህን ለመገንዘብ የፈጀብኝ ጊዜ አሳፈረኝ፤ ከዚያ ፈራሁ። መፍራቴ ገረመኝ፤ ለዚያ ቦታ የሚፈራ ነገር በውስጤ የቀረ አይመስለኝም ነበር። በማግስቱ የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ከግቢሽ ወደ ግቢሽ ብታዛውሪያት ማን ይከለክልሻል፣ ልጄ» አሉኝ። እንግዲህ ማግኘት ብቻ ነው የቀረኝ። ያለኝ ምልክት ደግሞ አንድ ነው፤ ሸምበቆ።

ወረድኩ። ጎደሬውን አልፌ ቆምኩና ከፊቴ ያለውን አየሁ። ከአጥር እስከ አጥር ከራሴ በላይ የቆመ አረንጓዴ ነው። ነፋስ ሲነካው ሁሉም በአንድነት ዘንበል ይላል፣ ሁሉም በአንድነት ይመለሳል። ያ ሁሉ ሸምበቆ መሰለኝ። ያ ሁሉ መቃብር ሊሆን አይችልም። መመለስ አማረኝ፤ ማጭድ ላምጣ ብዬ ራሴን አታለልኩና ተመለስኩ፣ ግን ማጭዱን ይዤ ወረድኩ።

የመጀመሪያውን ቀን የቆረጥኩት ሁሉ የዝሆን ሣር ሆነ። የቤንቿ ጎረቤቴ ለላሟ ብላ ከወሰኑ ላይ ተክላው ነበርና በኛ በኩል ገብቶ ተንሰራፍቷል። ባያብብም ይታወቃል፤ ቅጠሉ ግንዱን ባቀፈበት ቦታ ጸጉር አለው፣ ጸጉሩ ክንድ ላይ ይሰካል፣ ማታ ማታ እንደ እብድ ያሳክካል። ግንዱን ስሰነጥቀው ያ ነጭ ነገር ይወጣል፤ እጥለዋለሁ፣ ሌላ እቆርጣለሁ፣ ያው ነው። አንዳንዱ አብቦ ነበር፤ አበባው እንደ ብርጭቆ ማጠቢያ ብሩሽ ቀጥ ያለ ቢጫ ነገር ነው፤ አበባ ሲኖረው ሳልቆርጥም አወቅኩት። ሸምበቆ እንደዚያ አያብብም። የሸምበቆ አበባ ትልቅና ችፍግ ያለ ነው፤ ወደ ላይ ቀና ብሎ ብር ይመስላል። የመቃ ደግሞ ቡናማ ነው፣ ሳሳ ብሎ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል።

ሁለተኛው ቀን ላይ ከላይ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የባሌ እህት ነች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ማጭድና ዶማ በትከሻዋ ይዛለች፣ ከሸዋ ቤንች በጠዋቱ ሚኒባስ መጥታለች። የመንገዱን ወሬ ሰምታ ኖሯል። አልጠራኋትም።

«ቦታውን አግኝተሽዋል?» አለችኝ።

«አላገኘሁም። ሸምበቆ ተክዬበታለሁ ብሎኛል፣ ሌላ አላለኝም።»

«እኔንም እንደዚያው ነው ያለኝ። አልተከተልኩትም፤ አንቺ ብቻሽን ነበርሽ» አለችና ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ገባች።

ሁለታችንም የምንመለስ ሰዎች አይደለንም። እሷ አንዱን ቁጥቋጦ ይዛ «ይሄ ነው» ትላለች፤ እኔ ሰንጥቄ ውስጡን አሳያታለሁ። እኔ አንዱን ይዤ «ባዶ ነው፣ ይሄ ነው» እላለሁ፤ እሷ በሁለት ጣቷ ቀጭ አድርጋ ሰብራ «መቃሽ ነው፣ ማን ተከለው ይሄን፣ ውኃው ያመጣው ነው» ትለኛለች። በመጨረሻ ቅጠሉን ማየት ጀመርን። ሸምበቆ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገጥምበት ላይ ነጣ ያለ ጆሮ አለው፤ ግንዱን በሁለት በኩል ያቅፈዋል። ሌሎቹ ይህ የላቸውም። በዚህ እየለየን፣ ሌላውን እያጨድን ወደ ታች ወረድን። ስንነጋገር ስለ ሣር ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከሷ ጋር ስለ ሣር መጣላት ከዝምታው ይሻል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ላይ አገኘነው። በዚያ ሁሉ ረግረግ ውስጥ የሸምበቆ ቁጥቋጦ አንድ ብቻ ነው። ከካስማው በታች፣ ውኃው አፍ ላይ ቆሟል። ግንዱ የእጄን አንጓ ያህል ይወፍራል፣ ጆሮው አለ፣ አበባው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቢላዬን መለሰው። ልጄን አገኘኋት ብዬ ቆምኩ፤ ምንም አልመጣም። እሷ አማተበች፤ እኔም ስላማተበች አማተብኩ።

በጣም ከወፈረበት፣ መሀል ለመሀል ጀመርን። ተከለው ማለት መሀሉ ላይ ነው ብለን ነው፤ ዛፍ እንደዚያ ነው። ሥሩ እንደ ዝንጅብል እየተቆላለፈ መሬቱን ሸፍኖታል፤ በዶማ እየሰበርን አወጣነው። ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ወጣ። ከጭቃው ሥር ውኃ መጣ። ውኃውን በጣሳ እየቀዳን ቆፈርን፤ ውኃው ይመለሳል። በማግስቱም ቆፈርን። የሰው እጅ የነካው አፈር እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር፤ ንብርብሩ ተነክቶ አያውቅም። ዶማውን ጥዬ ከላይ ደረቁ ላይ ተቀመጥኩ። ውኃው ወስዷታል አልኩ በልቤ። ይህን ሳስብ እንደ ሌላ ሰው ወሬ ነበር።

እሷ ገና ጉድጓዱ ውስጥ ቆማ ውኃውን ታያለች።

«ወንድሜ ሕፃን ውኃ ውስጥ አያስተኛም» አለች ድንገት። «በዚያ ዝናብ? በጭራሽ አያደርገውም።»

«ሸምበቆው ግን እዚህ ነው» አልኳት ተናድጄ።

«ሸምበቆው እዚህ ነው፣ እሱን አየሁት። ወንድሜን ግን አውቀዋለሁ።»

የተቀመጥኩበትን አፈር በመኮትኮቻዬ ጫር ጫር አደረግኩ። ቀይ አፈር ነው። ከቀዩ ውስጥ ጥቁር፣ ልል፣ የበሰበሰ እንጨት የመሰለ ነገር ወጣ፤ ሳፍረከርከው አንጓ አለው። የሸምበቆ ሥር ነው፣ ግን ከሞተ ቆይቷል። ከሱ ትንሽ ከፍ ብዬ ጫርኩ፤ ሌላ አለ፣ የባሰ የበሰበሰ። ያኔ ገባኝ። ተማሪዎቼን ዝንጅብል አስቆፍሬ ስንት ዓመት አስተምሬበታለሁ፤ ፊቱ ወደፊት እየበቀለ ይሄዳል፣ የኋላው እየሞተ ይቀራል። ይህ ሸምበቆም ወደ ውኃው ሄዷል። ወፍሮ የቆመበት የደረሰበት ነው እንጂ የተነሳበት አይደለም። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ቁልቁል ሲወርድ፣ እኛ ደግሞ የወረደበትን ስንቆፍር ዋልን።

«ነይ ውጪ» አልኳት። «ተመልሰን ወደ ላይ ነው።»

ተንበርክከን በእጃችን እየጫርን የሞተውን ሥር ተከተልነው። አንዳንድ ቦታ ይጠፋል፤ ጥቁሩ አፈር መስመር ሠርቶ ይመራናል። ረግረጉን ለቀቅን። ቀዩን ካስማ አልፈን ወደ ላይ ወጣን። ጎደሬው ውስጥ ገባን፣ ከሙዙ ሥር አለፍን። ቀና ስል የኩሽናዬ በር ታየኝ። የመጨረሻው የቡና ረድፍ ጋ ስንደርስ ጥቁሩ መስመር አለቀ። ዙሪያውን ጫርን፤ ከዚያ በላይ የለም። እሷ ዶማውን ልታነሳ ስትል እጇን ያዝኩ። «ቀስ ብለን፣ በመኮትኮቻው» አልኳት።

አፈሩ ልል ነበር፤ አንድ ጊዜ የተቆፈረ አፈር ነው። ክንዴ እስኪገባ ቆፈርኩ። መኮትኮቻው አንድ ነገር ያዘና ሳብ ሳደርገው በቀዩ አፈር ውስጥ ቢጫ ታየ። በጣቴ ጠረግኩት። ቢጫው ላይ ቀይ አበባ አለ። ጥጥ ቢሆን ኖሮ አፈር ሆኖ ነበር፤ ናይለን ስለሆነ አፈሩ አልወሰደውም። ከጅማ እንደመጣ ዕለት ያው ነው።

«ይሄ የኔ ሻርፕ ነው» አልኩ። ከሁሉ በፊት የመጣብኝ ያ የድሮው ንዴት ነው። እዚያ ልጄ መቃብር ላይ ተንበርክኬ ስለ ሻርፕ ተናደድኩ።

«ያንቺ ነው» አለች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። የገነዝኳት ነጠላ ስስ ነበር። ዝናቡ እንደዚያ ሲወርድ እያየሁ በስስ ነጠላ ልሰጠው አልሆነልኝም። ሳጥንሽን ከፈትኩ። ካለሽ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሌባ ስልሽ፣ ጎረቤት ሰብስቤ ሳዋርድሽ?»

እጇ ላይ ያለውን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገች።

«ከአልጋ የተነሳሽው እኮ እኔን ልትሰድቢ ነው» አለች። «ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ተኝተሽ፣ ወንድሜ ‹ትሞትብኛለች› እያለ ኩሽና ገብቶ ያለቅስ ነበር። ያን ጠዋት ጮኽሽ። ሳጥን ገለበጥሽ። እኔ ስሄድ ፊትሽን ታጠብሽ፣ ምሳ ሠራሽ፣ እሱ ነው የነገረኝ። ምን ብዬ ልንገርሽ? ‹ልጅሽ ለብሳዋለች› ብልሽ ተመልሰሽ ትተኚ ነበር።»

ያኔ አለቀስኩ። ምን ያህል እንዳለቀስኩ አላውቅም። ጭቃውን በእጄ ይዤ፣ ድምፅ እያሰማሁ፣ ልጄ በሞተች ዕለት ማልቀስ የነበረብኝን አለቀስኩ። አመመኝ። ደረቴን ጡቴ ሞልቶ የነበረበት ቦታ ላይ አመመኝ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ጀርባዬን ይዛ ነበር፤ «አልቅሺ፣ አልቅሺ» ትላለች፣ እንደዚያን ጊዜው።

በኋላ ዓይኔን ጠርጌ ወደ ታች ስመለከት ቀዩ ካስማ ከኛ በታች ነው። ሙዙንና ጎደሬውን አልፎ፣ ሩቅ። ባሌ ወደ ጥልቁ አልወሰዳትም። ከመጨረሻው ቡና ሥር፣ ከኩሽናው በር በሚታይበት ቦታ ነው ያስቀመጣት፤ ወደ ብርዱ የሄደው ሸምበቆው ብቻ ነው። ማንንም ማዛወር አላስፈለገም። ሻርፑን መልሼ አለበስኳት፤ አፈሩን ሁለታችንም በእጃችን መለስንበት።

ማሽኑ ከጥምቀት በኋላ እንደተባለው ገባ። ሸምበቆውንም፣ መቃውንም፣ የዝሆን ሣሩንም ሳይለይ ጠራርጎ ወሰደው። ኩሽናው በር ላይ ቆሜ አየሁት። ላሚቱ ምን ትበላለች ብላ የቤንቿ ጎረቤቴ ስታማርር ዋለች።

ዝናብ ሲጀምር የባሌ እህት እንደገና ከሸዋ ቤንች መጣች። በፕላስቲክ የተያዘ የቡና ችግኝ በእጇ ነበር። ሰላም ሳትለኝ በቀጥታ ወደ ቦታው ወርዳ ጉድጓድ መማስ ጀመረች። ተከተልኳት።

«ሸምበቆ አንተክልም» አለችኝ ሳትዞር። «ሸምበቆ ይሄዳል። ቡና ከተከሉት ቦታ አይነቃነቅም።»

«እሺ እትዬ» አልኳት።

እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጎንበስ አለችና መማሷን ቀጠለች።